ተራዋ ሳይደርስ የላክኳት ነርስ

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ነርስ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። በዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ አንዲት የአገሬን ልጅ በድያለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ የሰጡኝን ቀኖና ፈጽሜያለሁ። በደሉ የተፈጸመው ግን በሥራ ቦታ ነው፣ በሥራ መመሪያም ተሸፍኖ ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሚያውቁ ሰዎች፣ በተለይም እዚህ አገር በነርስነት ለሚተዳደሩ ወገኖቼ፣ ምንም ሳላስቀር መናገር እንዳለብኝ አምኛለሁ።

ነርስ ያልሆነ አንባቢ እንዲከተለኝ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በቀጠሮ ነው፤ ነገ ስንት ሰው እንደሚተኛ ዛሬ ይታወቃል። በማዋለጃ ክፍል ይህ የለም። እኩለ ቀን ላይ ባዶ የነበረው ክፍል ለምሽት ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ምጥ ይዟት የመጣችን ሴት ስለ ገንዘቧ ሳይጠይቅ መርምሮ እንዲያስተናግድ ያስገድዳል። ስለዚህ ወላድ ኖረም አልኖረም ነርስ መኖር አለበት።

ሆስፒታሎች ይህን ወጪ አይወዱትም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ 4.3 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ተወልደው ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ ወደ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። የሚወለደው ሲያንስ የማዋለጃ ክፍል ወጪ በየስብሰባው መነሣት ጀመረ። እኛ ጋ የነርሱ ብዛት የሚተመነው እኩለ ሌሊት ላይ አልጋ ይዘው የተገኙት ተቆጥረው ነበር። ከሰዓት በኋላ «የልጄ እንቅስቃሴ ቀነሰብኝ» ብላ መጥታ፣ ማሽን ተደርጎላት፣ የጽንሱ ልብ ለሰዓታት ሲታይ ቆይቶ ደህና ነው ተብላ የተሸኘች ሴት በእኩለ ሌሊቱ ቆጠራ ውስጥ የለችም። በቀን ወልዳ አመሻሹ ላይ ወደ አራሶች ክፍል የተሸጋገረችውም የለችም። ሁለቱም ግን አንድ አንድ ነርስ ይዘው ውለዋል። ይህን ስናገር ይሰሙኝና በወሩ መጨረሻ ያንኑ ወረቀት ይሰጡኛል፦ በአንድ ረድፍ የተፈቀደልኝ ሰዓት፣ በሌላው የተሠራው ሰዓት፣ ልዩነቱ በቀይ።

ያን ቀይ ቁጥር ለማጥፋት በእጄ የነበሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ኦን ኮል እና ፍሎት።

ኦን ኮል እንዲህ ነው። ተረኛዋ ልትገባ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ይደወልላትና «ዛሬ ሰው የለም፣ ቤትሽ ሆነሽ ጠብቂ» ትባላለች። ስልኩ ከጮኸ በ30 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለባት። የደቂቃዋ ምክንያት ከንቱ አይደለም። አስቸኳይ የማዋለድ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ከተባለበት ቅጽበት አንሥቶ ሆስፒታሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ መጀመር የሚችል እንዲሆን የሙያ መመሪያዎቹ ይጠብቃሉ። ችግሩ ክፍያው ነው። የምትጠብቅበት ሰዓት የሚታሰብላት በጥቂት ዶላር ሲሆን እኛ ጋ በሰዓት ለአንድ ስኒ ቡና እንኳ አይበቃም ነበር። ልጆቿን የምትይዝላት ሴት ግን ለሙሉ ሌሊቱ ተከፍሏታል። ኦን ኮል ላይ ያለች ነርስ ሠርግ ተጠርታ ጠጅ አትቀምስም፤ ልጇን ይዛ ራቅ ያለ ቦታ አትሄድም፤ ሻወር ስትገባ እንኳ ስልኩን በሩ ላይ ታስቀምጣለች። የጎደለባት ሰዓት ደግሞ ከዓመት ፈቃዷ ተቆርጦ ይሞላል። አይቆረጥብኝ ካለች ሰዓቷ ይወርድና የቤተሰቧ የጤና መድን አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን ስምምነት ብለን እንጠራው ነበር።

ሕጉን አላውቅም ነበር ልል አልችልም፤ ለኃላፊነት ስታጭ ተምሬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል የደሞዝና የሥራ ሰዓት ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ ነገሩን ለይቶ ያስቀምጠዋል። የት እንደምትገኝ አሳውቃ ቤቷ የምትጠብቅ ሠራተኛ በአብዛኛው ሥራ ላይ እንዳለች አትቆጠርም። በአሠሪው ግቢ እንድትቆይ የተደረገች፣ ወይም ጊዜውን ለራሷ ጉዳይ ልታውለው እስከማትችል ድረስ በቅርብ የተያዘች ግን ሥራ ላይ ናት፤ ደሞዟ ይገባታል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1944 በፋብሪካ ግቢ ውስጥ አድረው እሳት ቢነሣ ለማጥፋት በሚጠባበቁ ሠራተኞች ጉዳይ፣ መጠበቅ ራሱ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል።

የበደልኳት ልጅ ኪራይ ይረክሳል ብላ ከሆስፒታሉ ራቅ ባለችው በፍሬድሪክ ከተማ ነበር የምትኖረው። በደህና ቀንም ቢሆን በ30 ደቂቃ አትደርስም፤ በረዶ ከጣለማ አይታሰብም። አንድ ክረምት ላይ «እትዬ፣ ዛሬ መንገዱ አይሆንልኝም፤ ምን ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ባዶ ክፍል አለ አይደል እንዴ፣ መጥተሽ ጋደም በይ» አልኳት። በጎ ያደረግሁላት መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በረዶ በተነገረ ቁጥር ማታውኑ እየመጣች፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ምጥ ክፍል ውስጥ ለአባወራዎች በተቀመጠው ተዘርጊ ወንበር ላይ ታድር ነበር። አንዳንዴ ሌሊት ደወል ሲበዛብን ሳትጠራ ብድግ ብላ ታግዘናለች። በሰዓት መዝገቡ ላይ የምሞላው ግን «ኦን ኮል፣ ከቤት» ብዬ ነው። በሆስፒታሉ ጣሪያ ሥር፣ በእኔ እውቀት፣ ከእኔ ቢሮ ጥቂት እርምጃ ርቃ ያደረችባቸው ሌሊቶች በዚያች ጥቂት ዶላር ተከፈሏት።

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አገር ቤት ሳለሁ ዱቲ አድሬ፣ የዱቲ ገንዘብ ለወራት ሲዘገይ ሒሳብ ክፍል ደጃፍ የተመላለስኩት ነርስ። የላብ ዋጋ ሲያዝ ሰው ምን እንደሚሰማው ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ወደ ፍሎት ልመለስ። ነርሷ ከራሷ ክፍል ተነሥታ ሰው ወደ ጎደለበት ክፍል ትላካለች። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ከማዋለጃ ወደ አራሶች ክፍል፣ ወይም ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል መሄድ፣ ሥልጠና ከተሰጠ፣ የሚቻል ነው። እኛ ግን ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ወደ ልብ ሕሙማን፣ ወደ የትም እንልክ ነበር። ጥሩ የማዋለጃ ነርስ እንዴት ያለች እንደሆነች አንባቢ ይወቅልኝ። የጽንሱን የልብ ምት ከወረቀቱ ላይ እንደ ፊደል ታነባለች፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆኑን ብቻ ሳይሆን ምቱ ከምጡ ጋር መቼ እንደሚወርድና መቼ እንደሚመለስ ትከተላለች። የምጥ ማፋጠኛውን ኦክሲቶሲን በጠብታ ትጨምራለች፣ በጠብታ ትቀንሳለች። ደም ግፊት የበረታባት ሴት ማግኒዥየም ሲሰጣት ጉልበቷን በመዶሻ እየመታች፣ ትንፋሿን እየቆጠረች በመድኃኒቱ እንዳትመረዝ ትጠብቃለች። ከወሊድ በኋላ በደም የራሰውን ጨርቅ ሚዛን ላይ አስቀምጣ፣ የጨርቁን ክብደት ቀንሳ፣ አንዱን ግራም እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ቆጥራ የፈሰሰውን ደም ትናገራለች። የሙያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ኦክሲቶሲን የተደረገላትን ሴት አንድ ነርስ ለብቻዋ እንድትይዛት የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህችን ነርስ አንሥተሽ አምስት አዛውንት ሕሙማን ስጪያት። እያንዳንዳቸው በቀን ከአሥር በላይ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ አብዛኛውን ከተማረች ወዲህ አላየችውም። የዕቃ ክፍሉ የት እንዳለ አታውቅም፤ የመድኃኒት ማሽኑ አቀማመጥ ሌላ ነው፤ የምትጠይቃት ጎረቤቷ ራሷ ተጣድፋለች። «ነርስ ነርስ ነው» ይሉ ነበር የበላዮቼ። እኔም ተቀብዬ አስተጋባሁ። ሠራተኞቼ «እነሱ የጽንስ ልብ ማንበብ አይችሉም ተብሎ ወደ እኛ አይመጡም፤ እኛ የእነሱን ሥራ እንዴት እንችላለን ተባልን?» ብለው ጠይቀውኛል። መልስ አልነበረኝም። «ፖሊሲ ነው» አልኳቸው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ በ2004 ሥራ ላይ በዋለው የነርስ ብዛት ሕግ፣ ነርስ በክፍሉ ሥራ ሳትለማመድና ችሎታዋ ሳይረጋገጥ አትመደብም። ሜሪላንድ እንዲህ ያለ የብዛት ሕግ የላትም፤ ሕግ ባይኖርም ህሊና ነበረኝ።

የሚላከው በተራ ነበር። የተራ መዝገቡ ሰማያዊ ማኅደር ውስጥ፣ በቻርጅ ነርሷ፣ ማለትም ፈረቃውን በምትመራው ነርስ፣ ጠረጴዛ መሳቢያ ይቀመጣል። በመመሪያው መሠረት ተራ አይዘለልም። ሰዎቹን ስለምድ ግን መዝለል ጀመርኩ። ሂጂ ስትባል ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር የምትደውል አለች። በጽሑፍ ተቃውሞ አስገብታ ቅጂውን በቦርሳዋ የምትይዝ አለች። ድንገት ራሷን የሚያማት አለች። ከኢትዮጵያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ግን «እሺ» ብለው ይሄዳሉ። ቪዛው፣ ብድሩ፣ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ አለባቸው፤ አቤቱታ ማብዛት ያስባርራል የሚል ፍርሃትም አለ። በመጀመሪያ ይህን አስተዋልኩ። ቀጥሎ ተጠቀምኩበት።

ከወገኖቼ ጋር ሲሆን ደግሞ ሌሎች ኃላፊዎች የሌላቸው ኃይል ነበረኝ። በእንግሊዝኛ የምሰጠው ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ ይከራከሩታል፣ መመሪያ ይጠቅሱበታል። በአማርኛ «የኔ እህት፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ» ስላት ግን የምትለው የላትም። ታላቋ ነኝ፤ ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ልጇ ክርስትና ሲነሣ ቤቷ በልቻለሁ፤ እሑድ እሑድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እናስቀድሳለን። ይሉኝታዋን ይዤ ነው መብቷን የወሰድኩት። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬ ድረስ የሚከብደኝ ይህ ነው። እንግዳ አገር ላይ መጠጊያ ሊሆናት የሚገባውን ዝምድና የማስገደጃ መሣሪያ አደረግሁት።

ያን ዕለት ምሽት ክፍላችን ውስጥ የነበረችው አንዲት ወላድ ብቻ ናት። ከልብ ሕሙማን ክፍል አንድ ነርስ ቀርታለችና ሰው ስጡን ተባለ። ተራው የሌላ ነርስ ነበር፤ ብዙ ዓመት ያገለገለች፣ ደንቡን በቃሏ የምታውቅ፣ ከዚያ ቀደም በጽሑፍ አቤቱታ ያቀረበችብኝ። ከእሷ ጋር መነጋገር አልፈለግሁም። ወደ ልጅቷ ሄድኩ። ባለፈው ሌሊት ኦን ኮል ሆና ተጠርታ እስኪነጋ ስትሠራ አድራለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ተራዬ አይደለም» አለችኝ። «ደግሞም ያንን ክፍል እንደማላውቀው እርስዎ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብሳሳትስ?»

«አይዞሽ፣ ይረዱሻል። ነርስ ነርስ ነው። የኔ እህት፣ ዛሬ እንዳታሳፍሪኝ» አልኳት።

የውሃ ኮዳዋን አንሥታ ሄደች። እኔ ማኅደሩን ከመሳቢያው አውጥቼ፣ በባለተራዋ ስም ትይዩ «በስምምነት ተቀያይረዋል» ብዬ ጻፍኩ። የተስማማ ሰው አልነበረም። ባለተራዋ ተራዋ መሆኑን እንኳ የነገራት የለም።

ብዙም ሳይቆይ ምጧ የገፋ ሴት ገባች። ተከትላትም ከባድ ራስ ምታት ያላት፣ ደም ግፊቷ እጅግ ከፍ ያለ ነፍሰ ጡር በተሽከርካሪ ወንበር መጣች። ልጅቷን መልሱልኝ ብዬ ደወልኩ። አምስት ሕሙማን ተረክባለች፤ የሚተካት ሳይኖር ጥላቸው ብትወጣ ሕሙማንን ጥሎ እንደ መሄድ ነው፣ የነርስነት ፈቃዷን ሊያሳጣት ይችላል። ኦን ኮል ላይ ያለችውን ከቤቷ አስጠራን፤ እስክትደርስ እኔው ጓንት አድርጌ ገባሁ። ባዶ ነው ያልኩት ክፍል ባዶ ሆኖ የቆየው ከፈረቃው መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር።

በላይኛው ፎቅ ልጅቷ ከተረከበቻቸው አንዱ በልብ ሕመም የገቡ አዛውንት ናቸው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን በደም ሥራቸው ይሰጥ ነበር። መጠኑ በደም ምርመራ ውጤት መሠረት ከሰንጠረዥ እየተነበበ ይስተካከላል። እዚያ ሁለት ሰንጠረዦች ነበሩ፤ አንዱ በእግር ወይም በሳንባ ደም ለረጋባቸው፣ ሁለተኛው መጠኑ ዝቅ ያለ፣ ለልብ ሕመም። የክፍሉ ነርሶች በየቀኑ ስለሚያዩት አይሳሳቱትም። እሷ የምርመራው ውጤት ሲመጣ በመጀመሪያው ሰንጠረዥ አሰላችና መጠኑን ከሚገባው በላይ ከፍ አደረገችው። ሄፓሪን ጥንቃቄ ከሚሹት መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ ሁለተኛ ነርስ አረጋግጣ መፈረም አለባት። ሁለተኛዋም የራሷ ሕሙማን በዝተውባት ነበርና ኮሪደር ላይ ቆማ ሳታገናዝብ ፈረመች። ሊነጋ ሲል አዛውንቱን አፍንጫቸውን ነሰራቸው፤ ሽንታቸውም ቀላ። መድኃኒቱ ተቋረጠ፣ ማርከሻ ተሰጣቸው፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተወሰዱ። ከቀናት በኋላ ድነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ፈጣሪ ይመስገን፤ እኔ ግን ያን ሁሉ ስቃይ በአዛውንቱ ላይ ካመጡት ሰዎች አንዷ ነኝ፣ ስማቸውን በጸሎቴ አልዘነጋም።

ምርመራ ተጀመረ። የበላዮቼ «ነርሷ ምድቡን ተቃውማ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ተቃውማ ነበር፤ በአማርኛ፣ ለእኔ። ያንን ቃል የሰማ ሌላ ሰው የለም፣ የትም ቦታ አልተጻፈም። «በጽሑፍ ያቀረበችው ተቃውሞ የለም» ብዬ መለስኩ። ተራው የማን እንደነበር ሲጠይቁኝ ማኅደሩን ሰጠኋቸው፤ «በስምምነት ተቀያይረዋል» ይላል። ባለፈው ሌሊት ስትሠራ ማደሯን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ከደብዳቤው ውስጥ አንዱ ዓረፍተ ነገር፣ ነርስ ከችሎታዋ ውጭ የሆነ ምድብ ሲሰጣት አለመቀበል ሙያዊ ግዴታዋ ነው፣ እሷ ግን ይህን አላደረገችም ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ስታነበው ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር። ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ቀና አለችና «የት ልፈርም?» አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአማርኛ አነጋግራኝ አታውቅም።

ጉዳዩ ለግዛቱ የነርሶች ቦርድ ተላልፎ ለወራት ተንጠልጥሎ ቆየ። በመጨረሻ ቦርዱ ያለ ቅጣት ዘጋው። እሷ ግን ያን አልጠበቀችም፤ ለቀቀች። በዚያ ወር ቀዩ ቁጥር ጠፍቶ ነበር፤ በስብሰባ ላይ በስሜ ተመስግኛለሁ።

ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ብዙ ነበር። እኔ እምቢ ብል በቦታዬ የሚቀመጠው ሰው ከእኔ የባሰ ይሆናል እል ነበር። እኔም ስደተኛ ነኝ፣ ጥቁር ኃላፊ በጣት በሚቆጠርበት ቤት ስሕተቴን የሚጠብቁ አሉ እል ነበር። ይህ ሐሰት አልነበረም፤ ፍርሃቱም ውስጤ ነበር። ሆኖም ፍርሃቴን ያወረድኩት ከእኔ የባሰ በምትፈራው ላይ ነው፤ ይህን ማንም አላዘዘኝም። መመሪያው ተራ ይጠበቅ ይላል፤ ተራዋን የዘለልኩት እኔ ነኝ። መመሪያው ሆስፒታል ያደረችውን ከቤት እንደጠበቀች ቁጠሪያት አይልም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መመሪያው ራሱ መጥፎ መሆኑ የእኔን ድርሻ አይቀንሰውም።

ዛሬ ኃላፊ አይደለሁም። ሌላ ሆስፒታል በማዋለጃ ክፍል በተራ ነርስነት እሠራለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ እኔም እላካለሁ። ከዚህ ወንበር ሆኜ ሳየው አንዳንድ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። የማዋለጃ ነርስ መላክ ካለባት በቅድሚያ ወደ ሠለጠነችበት፣ ከሥራዋ ጋር ወደ ተቀራረበ ክፍል ብቻ መሆን አለበት፤ ሕሙማንን ተረክባ ሳይሆን ለክፍሉ ነርሶች አጋዥ ሆና ብትሄድ ይሻላል፤ የራሷ ክፍል ሲሞላም መመለስ መቻል አለባት። ኦን ኮል ስትደረግ የሚከፈላት ገንዘብ ሌላ ሕይወት እንዳትኖር ለተያዘችበት ጊዜ የሚመጥን ይሁን። ባዶ ክፍል የሆስፒታሉ የንግድ ሥጋት ነው፤ ሥጋቱን ከነርሷ የዓመት ፈቃድ ላይ ቆርጦ መሸፈን አይገባም። ሌሊት ተጠርታ የሠራች ነርስ በማግስቱ ምሽት እንድትገባ መደረጉም መቅረት አለበት፤ ያን ምሽት የሆነው ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

በኃላፊነት ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የአገራችሁን ልጅ ስትመድቡ ሌላውን በምትመድቡበት ቋንቋና ደንብ መድቡ። እህቴ ብላችሁ ከጠራችኋት፣ ከሌላው ቀድማ የምትላከው እሷ እንዳትሆን ጠብቋት። ወጣት ነርሶች ሆይ፣ ተቃውሟችሁን ሕሙማኑን ከመረከባችሁ በፊት በእንግሊዝኛ፣ በኢሜይል፣ ሰዓቱን ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ ቅጂው በእጃችሁ ይሁን። ታላቃችሁ ብትሆንም፣ ውለታ ብትውልላችሁም፣ እንደ እኔ ላለችው ሴት ስትሉ ፈቃዳችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ። በሆስፒታሉ ግቢ እንድትጠብቁ ከተደረጋችሁ ያ የሥራ ሰዓት መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። የኦን ኮል ክፍያችሁ የትርፍ ሰዓት ሒሳብ በሚሠራበት መነሻ ደሞዝ ውስጥ መግባቱን ከደሞዝ ወረቀታችሁ ላይ አረጋግጡ፤ የፌዴራሉ ደንብ እንዲገባ ያዛል። ያልተከፈለ ደሞዝ በዚህ ሕግ የሚጠየቀው ወደ ኋላ ለ2 ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ከሆነም ለ3 ዓመት ነውና አትዘግዩ።

ለአንቺ ደግሞ፣ ይህ ከደረሰሽ፦ ተራሽ አልነበረም። ክፍሉን እንደማታውቂው ነግረሽኝ ነበር። ድካምሽንም ዓይቻለሁ። ማኅደሩ ላይ የጻፍኩት ሐሰት መሆኑን፣ በደብዳቤው ላይ ያለው ጥፋት የእኔ መሆኑን፣ ሆስፒታል ያደርሽባቸው ሌሊቶችም በሥራ ሰዓት ሊታሰቡ ይገባ እንደነበር በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ በስሜ ፈርሜ፣ ለሆስፒታሉ የሰው ኃይል አስተዳደር በአደራ ፖስታ ልኬያለሁ። ቅጂውን በምትፈልጊው ቦታ አቅርቢው፤ ስጠራ መጥቼ እመሰክራለሁ።